ዓሣን መልቀቅም በብልሃት ነው

«ዓሣን መብላት በብልሃት ነው» ይላል የአገራችን ሰው። ነገሩ ስለ አጥንቱ ነው፤ ተስገብግቦ የጎረሰ ሰው ጉሮሮው ላይ ይሰነቀርበታል። እኔ ዛሬ አንድ ልጨምርበት ነው፦ ዓሣን መልቀቅም በብልሃት ነው። ብልሃቱ የሌለው ሰው አጥምዶ ከሚለቅ አጥምዶ ቢበላ ይሻላል። ለዓሣውም፣ ለሐይቁም።

«ደግሞ ዓሣ ማን ይለቃል? እኛ አገር የተያዘ ዓሣ መጨረሻው መጥበሻ ነው» የሚል አይጠፋም። እስካሁን እውነት ነበር። አሁን ግን ስልክ የሚባል ነገር አለ። ቲክቶክ ላይ አንድ የዓሣ ማጥመድ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ያየ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ስልኩ ሌላ ነገር አያሳየውም። ጀልባ ላይ የቆመ ጎረምሳ፣ ፊት ለፊቱ ቴሌቪዥን የሚያክል ስክሪን፣ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ደማቅ ነጠብጣብ። መንጠቆውን ነጠብጣቡ ላይ ይጥላል፣ ዓሣው ይነክሳል፣ ተጎትቶ ይወጣል። ፎቶ፣ ፈገግታ፣ ግንባሩን ሳም፣ ከዚያ «ሂድ ወንድሜ» ብሎ መልቀቅ። ከሥር ኮሜንቱ ልብ በልብ ነው። «እንዴት ደግ ሰው ነው!»

ይህን እያዩ ዘንግ የገዙ ልጆች አውቃለሁ። ቅዳሜና እሑድ ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ ይወርዳሉ። ከመካከላቸው አንዱ ውጭ አገር ያለች እህቱ የላከችለትን የቴኒስ ኳስ የምታክል መሣሪያ አሳይቶኛል። ክር ላይ ታስራታለህ፣ ውኃው ላይ ትወረውራታለህ፣ በዋይፋይ ስልክህ ላይ የሐይቁን ሆድ ታሳይሃለች። ጥልቀቱ ይኸው፣ ወለሉ ይኸው፣ ዓሣው ይኸው። ድሮ አንድ አስጋሪ ከአባቱ ተምሮ በሃያ ዓመት የሚያውቀውን ሐይቅ፣ ልጁ በሃያ ደቂቃ አየው።

እኔ ከመሣሪያው ጋር ጠብ የለኝም። ሐይቅ ዳር ከሚውል ልጅ ጋርም ጠብ የለኝም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ጠቤ ቪዲዮው ከሚያልቅበት ቦታ ጋር ነው። ቪዲዮው የሚያልቀው ዓሣው ጭራውን መትቶ ሲሰወር ነው። የዓሣው ጉዳይ ግን እዚያ አያልቅም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ጥቂት ሰዓታትና ቀናት የሚቀርጽ ካሜራ የለም።

እስቲ ከውኃው በታች እንውረድ።

መንጠቆ የያዘው ዓሣ ሲታገል የሚያደርገው ነገር፣ እናንተ አምስተኛ ፎቅ ድረስ በሙሉ ኃይላችሁ በደረጃ ስትሮጡ ከምታደርጉት ብዙም አይለይም። ጡንቻው ከሚደርሰው ኦክስጅን በላይ ይሠራል፣ ደሙ ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል። እናንተ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማችሁ ታለከልካላችሁ። ዓሣው ግን ልክ ማለክለክ በሚያስፈልገው ሰዓት ከውኃ ይወጣል። የሚተነፍስበት ስንጥብ ውኃ ውስጥ የተዘረጋ ስስ ላባ ነው፤ አየር ላይ ሲወጣ ላባው እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ትንፋሽ ይቆማል። እኛ ደግሞ በዚያች ሰዓት «ቆይ ቆይ፣ ፎቶው ብዥ ብሏል፣ ድገመው» እንላለን።

የዚህን ዋጋ የለኩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ፈርጉሰንና ተፍትስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ ቀስተ ደመና ትራውት በሚባለው ዓሣ ላይ ሙከራ አደረጉ። ዓሣዎቹን እስኪደክሙ አስሮጧቸው። ከዚያ ከውኃ ሳይወጡ ከቀሩት መካከል ከ12 ሰዓታት በኋላ የሞቱት 12 በመቶ ነበሩ። ለ30 ሰከንድ አየር ላይ ከቆዩት 38 በመቶ ሞቱ። ለ60 ሰከንድ ከቆዩት ደግሞ 72 በመቶ። አንድ ደቂቃ! ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ዓሣ ሐይቅ ውስጥ ካለው ይለያል፣ ዝርያ ከዝርያም ይለያያል፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወስደን ቆሮሶ ላይ አንለጥፈውም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ አየር ላይ የምትጨምሩለት እያንዳንዷ ሰከንድ ትቆጠራለች።

ሰፋ አድርገን ስናየውስ? እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ተይዘው ስለተለቀቁ ዓሦች ከየአገሩ የተሠሩ 274 ግምቶችን ሰብስቦ አነጻጽሯል። አማካይ የሞት መጠኑ 18 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህ አማካይ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ አንድም አልሞተም፣ አንዳንዱ ቦታ 95 በመቶው ሞቷል። ልዩነቱን ከፈጠሩት ነገሮች ዋናዎቹ መንጠቆው የተሰካበት ቦታ፣ የውኃው ሙቀት፣ የአያያዙ ሁኔታና ዓሣው የወጣበት ጥልቀት ናቸው። ማለትም አብዛኛው በእኛ እጅ ያለ ነገር ነው።

ጥልቀቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሶናሩና መልቀቁ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነውና።

ሶናር የሚሠራው በድምፅ ነው። መሣሪያው ወደ ታች ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ አንድ ነገር ሲመታ ይመለሳል። የተመለሰበትን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ይነግራችኋል። ለባሕር ሰርጓጅ አደን የተሠራ ጥበብ ነው። ዓሣ ፍለጋ ላይ አውለው ለገበያ ያበቁት ጃፓናውያኑ የፉሩኖ ወንድማማቾች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1948። ግን የዓሣ ሥጋ እንደ ውኃ ነው፤ ድምፁ ብዙም ሳይመለስ ያልፈዋል። ታዲያ ስክሪኑ ላይ የሚያበራው ምንድን ነው? በአብዛኛው የዓሣው የአየር ከረጢት ነው። ብዙ ዓሦች ሆዳቸው ውስጥ ጋዝ የተሞላች ከረጢት አለቻቸው፤ ሳይሰምጡም ሳይንሳፈፉም በፈለጉት ጥልቀት ላይ እንዲቆሙ የምታደርጋቸው እሷ ናት። ድምፁ እሷን ሲመታ ጮክ ብሎ ይመለሳል።

አሁን ያችን ከረጢት ከታች ወደ ላይ እንጎትታት። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የውኃው ጫና በአንድ ከባቢ አየር ገደማ ይጨምራል። ጫናው ሲቀንስ ጋዝ ይለጠጣል። ባሕር ጠለል ላይ ባለ ውኃ ከ10 ሜትር የወጣ ዓሣ ከረጢቱ ሁለት እጥፍ ለመሆን ይፈልጋል፣ ከ20 ሜትር የወጣ ሦስት እጥፍ። የእኛ ሐይቆች ደግሞ ከፍታ ላይ ያሉ ናቸው። ላንጋኖ ከባሕር ጠለል በላይ 1,580 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ያለው አየር ቀለል ያለ ስለሆነ ከ10 ሜትር የወጣ ዓሣ ከረጢት ከሁለት እጥፍም ያልፋል። ዓሣው ውስጥ ደግሞ ያን ያህል ቦታ የለም። አንጀቱና ጉበቱ ይጨፈለቃል፣ ዓይኑ ይወጣል፣ ጨጓራው በአፉ ብቅ ይላል፣ አንዳንዴም ከረጢቷ ራሷ ትፈነዳለች። መልሳችሁ ስትጥሉት መስመጥ ያቅተዋል። ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ አሞራ ይወርድበታል።

አስቡት እንግዲህ። ዓሣውን ስክሪናችሁ ላይ ያሳያችሁ አካሉ፣ ስትጎትቱት የሚጎዳው ያው አካሉ ነው።

ሁሉም ዓሣ ግን እኩል አይጎዳም። ትራውት፣ ካርፕና የጣናው ባርበስ ከረጢታቸውን ከጉሮሯቸው ጋር የሚያገናኝ ቱቦ አላቸው፤ ጋዙን በአፋቸው ማስተንፈስ ይችላሉ። አምባዛ ከረጢቱ ትንሽ ናት፤ ስንጥቡ አጠገብ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካልም ስላለው ከውኃ ወጥቶ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ገበያ ላይ እየተንፈራገጠ የምታዩት ለዚህ ነው። ቆሮሶና ናይል ፐርች ግን ከረጢታቸው ድፍን ነው፤ መውጫ ቱቦ የለውም። በፍጥነት ከጥልቅ ሲወጡ ጋዙ የሚሄድበት የለም። እና የጫሞን ግዙፍ ናይል ፐርች ታቅፎ ፎቶ መነሣት የማይመኝ ዓሣ አጥማጅ ማን አለ? ቆሮሶን የማያውቅስ ማን አለ? አገራችን ውስጥ ልጆች በብዛት የሚመኟቸውና የሚይዟቸው ሁለቱ ዓሦች፣ ጥልቀት ክፉኛ የሚጎዳቸው ናቸው።

ወደ ሒሳቡ ልምጣ፤ ክርክሬ ያረፈው እሱ ላይ ነውና።

ሁለት ጓደኛሞች ሐይቅ ወረዱ እንበል። አንዱ በትል አጠመደ፣ አራት ዓሣ ያዘ፣ ጠብሶ በላ፣ ዘንጉን ጠቀለለ። ሁለተኛው በሶናር እየተመራ 60 ያዘ፣ 60ውንም ለቀቀ። ከተለቀቁት አስሩ አንዱ ብቻ ይሞታል ብለን በጣም እንራራለት። ስድስት ሞቱ። የበላው ሰው አራት ገደለ፣ «አንድም አልገደልኩም» የሚለው ሰው ስድስት። እነዚያ ስድስቱ የማንንም ሆድ አልሞሉም። አማካዩን 18 በመቶ ከወሰድን ደግሞ 11 ገደማ ይሞታሉ። መልቀቅ በራሱ ቁጥር አይገድብም። እንዲያውም ገደብ የለሽ ያደርጋል፤ «እለቀዋለሁ» የሚል ሰው የሚያቆምበት ምክንያት የለውም። በልቶ የሚጠግብ ሰው ይቆማል፤ ላይክ ግን አያጠግብም።

ይህ ክርክር የእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቪዲዮዎቹ የሚመጡበት አገር አሜሪካ ራሱ እየተጨቃጨቀበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ላይቭስኮፕ የሚባል ሶናር አወጣ፤ ዓሣውን ከጀልባው ፊት ለፊት፣ እንደ ቀጥታ ስርጭት፣ ሲዞርና ወደ መንጠቆው ሲመጣ የሚያሳይ። አንዳንዱ አጥማጅ «ጨዋታው ተለወጠ» አለ፤ አንዳንዱ «ይሄ ማጥመድ ሳይሆን ቪዲዮ ጌም ነው» አለ። የኋላ ኋላ የውድድር አዘጋጆች ጣልቃ ገቡ። ሜጀር ሊግ ፊሺንግ የተባለው ድርጅት በ2025ቱ ትልቁ ውድድሩ ላይ ተወዳዳሪዎች ይህን ሶናር በቀን ከሦስቱ የውድድር ክፍለ ጊዜዎች በአንዱ ብቻ እንዲጠቀሙ ወሰነ። መሣሪያውን በሚሸጡ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ስፖርት እንኳ ልጓም አስፈልጎታል።

እዚያው አሜሪካ በ2021 የወጣ አንድ ሕግ ደግሞ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከጥልቅ ዓሣ የሚያወጣ ሰው ዓሣውን መልሶ ወደ ጥልቀቱ የሚያወርድበት መሣሪያ ወይም ጋዙን የሚያስተነፍስበት መርፌ ጀልባው ላይ እንዲይዝ አስገድዶ ነበር። ማውረጃው ውስብስብ ነገር አይደለም፤ ክብደት ያለው መቆንጠጫ ነው። ዓሣውን ይዞ ይሰምጣል፣ ጫናው ከረጢቷን መልሶ ያጠባታል፣ ታች ሲደርስ ይለቀዋል።

አውሮፓ ውስጥ የባሰ አለ። ጀርመን አገር ያለ በቂ ምክንያት እንስሳን ማሠቃየት ወንጀል ስለሆነ፣ ለመዝናናት ብቻ አጥምዶ መልቀቅ ፍርድ ቤት ሊያቆም ይችላል። ስዊዘርላንድም ለመልቀቅ አስቦ ማጥመድን ከልክላለች። የእነሱ አስተሳሰብ አጭር ነው፦ ካልበላኸው ለምን ነካኸው? እኔ እስከዚህ አልሄድም። ግን ጥያቄዋን አትናቋት። የሐይቅ ዳር አያቶቻችንም ብትጠይቋቸው ከዚህ የተለየ የሚመልሱላችሁ አይመስለኝም። ዓሣ ለመብል ነው፤ ካልበላኸው ተወው።

አሁን ወደ ቤታችን።

«ወንድሜ፣ ጣና በእምቦጭ ተወሮ፣ መረቡ ሐይቁን እየጠረገ፣ አንተ የሁለት ልጆች ዘንግ ይታይሃል?» ብትሉኝ አልከፋም። ትክክል ናችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ዓሣ የጨረሰው መንጠቆ አይደለም፣ መረብ ነው። ግን ጣናን ካነሣችሁ፣ ጣና ላይ የሆነውን እስከ መጨረሻው እናውራው፤ ለእኔ ትልቁ ትምህርት እዚያ ነው ያለው።

ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ 15 ገደማ የባርበስ ዝርያዎች አሉ። ሳይንቲስቶች ከሩቅ አገር መጥተው የሚያጠኗቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት የወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። በደንገል ታንኳ የሚያሰግረው ሰው ይህን ድሮም ያውቅ ነበር። ታንኳው ግን ሩቅ አይሄድም፣ ብዙ አይጭንም። ከዚያ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ። በእርዳታ፣ በቅን ልቦና፣ ድሃውን አስጋሪ ለመደገፍ። ያው የቆየው እውቀት አዲስ ጉልበት አገኘ፤ መረቡ የተዘረጋው ልክ ዓሣው ለመውለድ የተሰበሰበበት ቦታ ላይ ነበር። በ1990ዎቹ አስር ዓመታት ውስጥ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የእነዚህ ባርበሶች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ ማሽቆልቆሉን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። 

እዚያ ሶናር አልነበረም። የወንዙ አፍ ራሱ ስክሪን ነበር። ዓሣው የት እንዳለ፣ መቼ እንዳለ በእርግጠኝነት ማወቅ፣ ከዚያ ላይ ጉልበት መጨመር፣ ከዚያ ላይ ደንብ ማጣት፤ ሦስቱ ሲገናኙ ሐይቅ ባዶ ይሆናል። ሶናር የሚያመጣው የመጀመሪያውን ነው፤ የት እንዳለ ማወቅን። እሱም ለወንዝ አፍ ብቻ ሳይሆን ለሐይቁ ሁሉ። እነዚያ የቴኒስ ኳሶች ዛሬ በአንድ ልጅ እጅ ናቸው። ነገ ዋጋቸው ሲወርድ መረብ በሚጥለው ሰው እጅም ይገባሉ። ሞባይልም እንዲሁ ነበር የጀመረው። ስለዚህ «ትንሽ ነገር ነው» የምንልበት ጊዜ፣ ደንብ ለማውጣት የሚቀለው ጊዜ ነው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል፤ ዘንዶው ሳይወጣ መነጋገር ይሻላል።

አገራችን ሕግ የላትም ማለቴ አይደለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ጥያቄው ወረቀቱ ጉማራ ወንዝ አፍ ላይ በነሐሴ ወር ይታያል ወይ የሚለው ነው። የእኔ ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዓሣው እንቁላል በሚጥልበት ወቅትና ቦታ፣ መረብም ሶናርም አይግባ። ሁለተኛ፣ ለመዝናኛ የሚያጠምድ ሰው በቀን የሚይዘው ቁጥር ገደብ ይኑረው፤ የሚበላውም የሚለቀውም ተደምሮ። «ለቀቅኩት» ማለት ከቆጠራ ነጻ አያውጣ።

«ታዲያ ሶናሩን እንጣለው?» አልልም። በመሣሪያው ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ለእንጀራው የሚያሰግር ሰው ሌሊቱን ሙሉ ነዳጅ ከሚያቃጥል ዓሣው የሌለበትን ቦታ ቢያውቅ ይጠቀማል፤ ወቅቱንና የመረቡን ዓይን ስፋት እስካከበረ ድረስ ማን ይቃወመዋል? ደግሞ ዓሣን መቁጠር የሚቻለው በዚሁ ድምፅ ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የቪክቶሪያ ሐይቅን የዓሣ ክምችት በድምፅ ሞገድ ሲለኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኛም ሰበታ ላይ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለን፣ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኩ ላይ የሐይቅ ወለል የሚያይ ወጣት፣ ያየውን የጥልቀት ካርታ ለተመራማሪ ቢሰጥ፣ ሐይቁ በደለል ስንት እንደተሞላ ለማወቅ ይረዳል። ያው መሣሪያ ነው፤ ልዩነቱ ምን ፈልጎ እንደተወረወረ ነው።

እስከዚያው ግን፣ ደንብ እስኪመጣ ሳንጠብቅ፣ ዘንግ የያዘ ሁሉ ዛሬ ማድረግ የሚችለው አለ።

ከመወርወራችሁ በፊት ወስኑ፤ ልበላ ነው ወይስ ልለቅ? ልትበሉ ከሆነ የሚበቃችሁን ያዙ፣ ቶሎ ግደሉት፣ አቁሙ። ለዚህ ማፈር አያስፈልግም። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ትኩስ ዓሣ የሚበላ ሰው፣ ፎቶ ተነሥቶ ከሚለቀው ሰው በምንም አያንስም።

ልትለቁ ከሆነ ደግሞ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን የጥልቀት ቁጥር አንብቡ። ሁሉም ሰው ዓሣውን ያያል፤ ቁጥሯን የሚያያት የለም። ቆሮሶም ሆነ ናይል ፐርች ከ10 ሜትር በታች ካለ፣ የእኔ ምክር «ተዉት» ነው። ሳይንሱ ቁርጥ ያለ መስመር አላሰመረም፤ ጉዳቱ በጥልቀት እየጨመረ የሚሄድ ነገር ነው። ግን ጫናው እጥፍ የሚሆንበት ቦታ ለመቆሚያ ጥሩ ምልክት ነው። መሣሪያው ጥልቅ ያለውን ዓሣ ለማግኘት ከረዳችሁ፣ እሱን ላለመንካትም ይርዳችሁ።

መንጠቆአችሁ ወደ ኋላ የሚመለሰው ሹል የሌለው ይሁን፤ ካለውም በጉጠት ጨፍልቁት። ሲወጣ አይቀድም። ዓሣው መንጠቆውን ውጦት ከሆነ ለማውጣት አትታገሉ፤ ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጣችሁ ልቀቁት። ስትነኩት እጃችሁን አርጥቡ። ሰውነቱ ላይ ያለው የሚያሟልጭ ሽፋን ከበሽታ የሚጠብቀው ቆዳው ነው፤ በደረቅ እጅ ወይም በፎጣ ስትይዙት ይገፈፋል። ትልቅ ዓሣን በመንጋጋው ብቻ አንጠልጥላችሁ አታቁሙት፤ ክብደቱን ውኃ እንጂ አጥንቱ አልለመደውም።

ፎቶስ? ፎቶው ይቅር አልልም፣ ማን ይሰማኛል? ግን ስልኩን የያዘው ጓደኛችሁ መጀመሪያ ይዘጋጅ፣ ዓሣው ውኃ ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ አንሡት፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ መልሱት። መለኪያ ከፈለጋችሁ፣ ዓሣውን ስታወጡ እናንተም ትንፋሻችሁን ያዙ። ጨነቃችሁ? እሱንም ጨንቆታል። ያውም እሱ ከሩጫ ነው የመጣው።

ውኃው በጣም በሞቀበት የቀትር ሰዓት ለመልቀቅ ብላችሁ አታጥምዱ፤ የሞቀ ውኃ ኦክስጅኑ ትንሽ ነው። ጠዋት ይሻላል። የተነፋ ሆድ ስታዩ ደግሞ በመርፌ አትውጉ፤ ቦታውን የማያውቅ ሰው ጉበቱን ወይም አንጀቱን ይበሳዋል። ወይ በክብደት አውርዱት፣ ወይ ብሉት።

የመጨረሻው ለስልካችሁ ነው። ዓሣ የተሰበሰበበትን ቦታ ሎኬሽን አትፖስቱ፣ በተለይ በክረምት፣ በተለይ የወንዝ አፍ። አንድ ልጅ በዘንግ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው። እሱ የለጠፈውን ያየ መቶ ሰው ግን ትንሽ አይደለም፤ ከመቶው አንዱ መረብ ያለው ከሆነማ አበቃ። ጣና ላይ የወንዙን አፍ የሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ ያም ሆኖ የሆነው ሆነ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቢወጣ ኖሮ አስቡት።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሁሉ አንብቦ «ለአንድ ዓሣ ይህን ያህል?» ይለኛል። ለአንድ ዓሣ አይደለም። በፆም ወራት የዓሣ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሐይቅ ዳር ያለች፣ ዓሣ በልታና ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ እናት የምትጠብቀው ያንኑ ውኃ ነው። እኛ የምንዝናናበት ሐይቅ የእሷ ጓዳ ነው። ሰው ጓዳ ገብቶ እየነካኩ «ምንም አልወሰድኩም» ማለት ደግሞ ነውር ነው፣ በተለይ የነኩት ነገር ከተበላሸ።

እና ሂዱ፣ አጥምዱ፣ ተዝናኑ። ብሉም። ልቀቁም፣ ግን የምትለቁት ይኖራል ብላችሁ በእርግጠኝነት ስታስቡ ብቻ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣቧ ከጥልቅ ብቅ ካለች፣ እናንተም ልትበሏት ካልሆነ፣ አይታችሁ እለፉ። ቪዲዮ አይኖራችሁም። ዓሣዋ ግን ትኖራለች።